ከኩሽኔታው በፊት ዘይቱን እንይ

ሰሞኑን የፖርሽ ቦክስተርና የ911 ባለቤቶች ለሞተራቸው መካከለኛ ዘንግ የትኛውን ተተኪ ኩሽኔታ ቢገዙ እንደሚሻል የሚመክር ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው። የሚያሳስበኝ ነገሩ ከሚፈቅደው በላይ ግልጽ ማድረጋቸው ነው። ምክራቸው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። ከ1997 እስከ 2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሉት ሞተሮች ሁሉ ችግሩም መፍትሔውም አንድ ነው፤ ኳሱ ሴራሚክ የሆነ ኩሽኔታ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በኳስ ፈንታ ትናንሽ ሲሊንደሮች፣ ማለትም ሮለር፣ ያለው ደግሞ ከባለኳሱ የበለጠ ሸክም ስለሚችል የተሻለ ነው፤ በግፊት ዘይት የሚቀባው፣ ኳስ የሌለው ብሮንዝ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ኪሱ የሳሳ ሰው ከማንኛውም የኩሽኔታ መደብር 6204 የሚል ቁጥር ያለውን ተራ ባለኳስ ኩሽኔታ ገዝቶ ቢገጥም ይበቃዋል፤ መኪናውን በዝግታና አልፎ አልፎ የሚነዳ ሰው ደግሞ ድምፅ እስኪሰማ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

ከስድስቱ አንዱ ትክክል ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ደግሜ ሳነበው ግማሹ ብቻ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። ስደርስበት እናገራለሁ።

ሞተሩን ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ ጥቂት ልበል። በ1996 ከቦክስተር ጋር ብቅ ያለውና ኋላ 996 ወደሚባለው የ911 ትውልድ የተሻገረው ኤም96 ሞተር፣ ከእሱም በኋላ የመጣው ኤም97፣ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ፣ በታች አንድ ረጅም ዘንግ አላቸው። ክራንክሻፍቱ ይህን ዘንግ በሰንሰለት ያዞራል፤ ዘንጉ ደግሞ በግራና በቀኝ ቫልቮችን የሚከፍቱትን ካምሻፍቶች በሌሎች ሰንሰለቶች ያዞራል። መካከለኛ የተባለውም ለዚህ ነው፤ ባለቤቶቹ አይኤምኤስ ይሉታል። በቮላኖው በኩል፣ ማለትም በካምቢዮው ወገን፣ ያለውን ጫፉን የሚይዘው፣ ግሪስ ተሞልቶ የታሸገ ባለኳስ ኩሽኔታ ነው። ይህ ኩሽኔታ ሲበተን ዘንጉ ይዋልላል፣ ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የሚፈልገው ኩሽኔታ መሆኑ ቀርቶ ሞተር ይሆናል።

«ለሁሉም አንድ ነው»

አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ሦስት ዓይነት ኩሽኔታ ተገጥሟል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ነበሩ። ከ2000 ገደማ አንሥቶ እስከ 2005 ባለ አንድ ረድፍ ገባ፤ ስሙ ክፉኛ የጠፋው ይኸኛው ነው። በአሜሪካ ባለቤቶች በጋራ የመሠረቱት ክስ በ2013 በስምምነት ሲቋጭ የተሸፈኑት ከ2001 እስከ 2005 ባሉት ሞዴሎች ውስጥ የሚገኙ መኪናዎች መሆናቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ2006 እስከ 2008 ደግሞ ባለ አንድ ረድፍ ሆኖ በመጠኑ ግን የተለቀ ኩሽኔታ መጣ። ይህ የኋለኛው የተሻለ ስም አለው፤ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ ግን አለበት። የውጪ ስፋቱ በሞተሩ አካል ላይ ካለው ቀዳዳ ስለሚበልጥ፣ ሞተሩ ወርዶ ለሁለት ካልተከፈለ በስተቀር አይወጣም።

ስለዚህ ጸሐፊው የ2007 ቦክስተር ያለውን ሰው «ፍሪሲዮን ስታስቀይር አብረህ አስቀይረው» ብለው ሲመክሩት፣ ያለ ሙሉ የሞተር ብትን የማይሆን ሥራ እያዘዙት ነው። ለዚያ ሰው የሚሆነው ልማድ ሌላ ነው። ካምቢዮው በሌላ ምክንያት ሲወርድ የኩሽኔታው የውጪ ማሸጊያ ተነሥቶ የሞተሩ ዘይት በነጻነት እንዲደርሰው ይደረግና ኩሽኔታው ባለበት ይተዋል። በእነዚያው ዓመታት የነበሩት የ911 ጂቲ3ና ቱርቦ ሞተራቸው ሌላ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ውስጥ የሉበትም። በ2009 የመጣው አዲስ ሞተር ደግሞ መካከለኛ ዘንጉን ጭራሹን አስቀርቶታል።

የሞዴሉን ዓመት ማወቅም ሁልጊዜ አይበቃም። በመሸጋገሪያው፣ በ2000 እና በ2001 ሞዴሎች፣ ሁለቱም ዓይነት ይገኛል። በፋብሪካ በታደሰ ሞተር የተተካለት መኪናም የዓመቱን ሳይሆን የተተኪውን ኩሽኔታ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ የሞተሩ ቁጥር ላይ «ኤቲ» የሚል ምልክት ካለ በጀርመንኛ በልዋጭ የመጣ ማለት ነውና ልብ ማለት ይገባል። እርግጠኛው መንገድ የኩሽኔታውን ሽፋን ከፍቶ ማየት ነው። አስቀድሞ ያዘዘ ሰው ያዘዘው ሳይገጥም ሲቀር፣ መኪናው በማንሻ ላይ ተሰቅሎ የሚውልበትን ቀን መቁጠር ይጀምራል።

«ሴራሚክ ዕድሜ ልክ»

ግማሹ እውነት ነው ያልኩት ይህንን ነው። ሴራሚክ እየተባሉ የሚሸጡት ኩሽኔታዎች ሙሉ በሙሉ ሴራሚክ አይደሉም። ኳሶቹ ሲሊኮን ናይትራይድ ከሚባል ሴራሚክ ይሠራሉ፤ ኳሶቹ የሚሽከረከሩባቸው የውስጥና የውጪ ቀለበቶች ግን ብረት ናቸው። ድቅል የሚባሉትም ለዚህ ነው። የኳሶቹን ጥቅም አልክድም። ክብደታቸው ከብረት ኳስ ግማሽ በታች ነው፤ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ብረት 7.8 ግራም ገደማ ሲመዝን ሲሊኮን ናይትራይዱ 3.2 ገደማ ነው። ዘይት ለአፍታ ሲሳሳ ብረት ከብረት ጋር ተፋቅቶ እርስ በርሱ ይጣበቅና ይላጣል፤ ሴራሚክ ከብረት ጋር እንዲህ አይጣበቅም። ለእንደዚህ ያለ ቦታ ከብረት ኳስ እንደሚሻል እኔም አምናለሁ።

ጸሐፊው «ጠንካራ ስለሆነ አያልቅም» ብለው ነጥብ ባስቀመጡበት ቦታ ላይ ግን እኔ ጥያቄ አለኝ። ሴራሚክ ከብረት ይልቅ ግትር ነው። የብረት ኳስ ሸክም ሲያርፍበት በዓይን በማይታይ መጠን ጠፍጠፍ ይልና ሸክሙን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ሴራሚኩ እንደዚያ እሺ አይልም፤ ስለዚህ ሸክሙ ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል። ያ ጠባብ ቦታ ያለው ደግሞ በቀለበቱ ላይ ነው፤ ቀለበቱ ብረት ነው። ኳሱ እንደ አዲስ ሆኖ ቀለበቱ ሊደክም፣ ሊላጥ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ጸሐፊው አንድም ቦታ ያልጠየቁት ጥያቄ አለ። የፋብሪካው ኩሽኔታ ለምን ይበላሻል? ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ባለ አንድ ረድፍ ሞተር የወጣ ኩሽኔታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነበር። የተሰበረ አልነበረም፤ ባለቤቱ ፍሪሲዮን ሲያስቀይር ለጥንቃቄ ያስወጣው ነው። የጎን ማሸጊያውን በመርፌ ጫፍ ፈንቅዬ ሳነሣው ግሪስ እጠብቅ ነበር። ያገኘሁት ግን ቀጭን፣ ቡናማ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ዘይት ነው። ግሪስ የሚባል ነገር አልቀረም። ቀለበቱን በሁለት ጣት ይዤ ሳዞረው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አሸዋ እንዳለበት ሁሉ ይንከረከር ነበር።

የሆነው ይህ ነው። የጎን ማሸጊያው ግሪስ እንዳይወጣ እንጂ ለዓመታት በትኩስ የሞተር ዘይት ሲታጠብ እንዲቋቋም የተሠራ አይደለም። ዘይቱ ቀስ እያለ ይገባል፣ ግሪሱን ያጥበዋል፣ ከዚያም እንደገባ ይቀራል። ባለቤቱ የሞተሩን ዘይት በየጊዜው ይለውጣል፤ በኩሽኔታው ውስጥ የታሰረው ዘይት ግን አይለወጥም። እርጥበቱንና አሲዱን እንደያዘ እዚያው ያረጃል። እንግዲህ ኳሱን ብቻ ነጥሎ መክሰስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ሴራሚክ ኳስ ያለበትን ኩሽኔታ በሁለት ጎኑ አሽጎ እዚያው ጨለማ ውስጥ ቢያስቀምጡት፣ የተሻለ ኳስ ያለው የታሰረ ዘይት ይኖረናል።

ስለዚህ ድቅል ኩሽኔታ ለሚገዛ ሰው ኳሱ ከምን ተሠራ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ቀዳሚው የሞተሩ ዘይት እንዴት ይደርሰዋል፣ በየትኛው ጎኑስ ክፍት ነው የሚለው ነው። ባለ አንድ ረድፍ ሞተር ላለው ሰው ደግሞ በአንዱ ረድፍ ቦታ ሁለት ረድፍ የሚያስገባ የመለዋወጫ ስብስብ መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሸክሙ ይከፈላልና። «ዕድሜ ልክ» ለሚለው ቃል ከአምራቾቹ የተሻለ ምስክር የለም። በዚህ ዕቃ ስም ካላቸው አንዱ የሆነው ኤልኤን ኢንጂነሪንግ ለሴራሚክ ድቅሎቹ የመቀየሪያ ጊዜ በዓመትና በርቀት ያስቀምጣል። ቋሚ መፍትሔ ብሎ የሚያቀርበው፣ ጸሐፊው ገንዘብ ማባከን ያሉትን ባለብሮንዙን ነው። ሻጩ ራሱ ያልሰጠውን ዕድሜ ጸሐፊው ከየት አመጡት?

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ብዙዎች ዘይት ማፍሰሻው ላይ ማግኔት ያለው ቡሎን ይገጥማሉ፤ ጥሩ ልማድ ነው። ሴራሚክ ስባሪ ግን በማግኔት አይያዝም። ማግኔቱ የሚናገረው ስለ ቀለበቱ እንጂ ስለ ኳሱ አይደለም።

«ሮለር የበለጠ ይሸከማል»

ወደ ጎን የሚመጣውን ሸክም በሚመለከት ልክ ናቸው። ኳስ በነጥብ ይነካል፣ ሮለር በመስመር፤ ስለዚህ የበለጠ ይችላል። ነገር ግን ይህ ኩሽኔታ ዘንጉን ከመሸከም በተጨማሪ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚያቆመውም እሱ ነው። ባለኳሱ በቀለበቱ ላይ ባለው ጥልቅ ቦይ ይህን ሥራ ሳይነገረው ይሠራል። ተራ የሲሊንደር ሮለር ግን ዘንጉን ወደ ርዝመቱ ከመንሸራተት አያግደውም። ስለዚህ የሮለር ስብስብ የሚሸጥ ሁሉ ለዚህ ግፊት የተለየ መግቻ ማበጀት አለበት፤ ገዢውም መግቻው ምን እንደሆነና ዘይት ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅ አለበት። ጸሐፊው ስለ ሮለር በጻፉት ሁለት አንቀጽ ውስጥ ይህ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

«ብሮንዝ ገንዘብ ማባከን ነው»

እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር ጨርሶ የምንለያየው። በግፊት ዘይት የሚሠራ ብሮንዝ ኳስም ሮለርም የለውም፤ ዘንጉ ከፓምፑ በሚመጣ ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል። ጸሐፊው «ለዚህ ሞተር ባዕድ የሆነ አሠራር» ብለውታል። ባዕድ? የዚያው መካከለኛ ዘንግ ሌላኛው ጫፍ፣ በዘይት ፓምፑ በኩል ያለው፣ የሚዞረው በምን ላይ ነው? ኳስ በሌለው ተራ መዞሪያ ላይ ነው። አንዱ ዘንግ፣ አንዱ ሞተር፣ አንዱ ዘይት፤ በአንዱ ጫፍ ስለሚደርሰው ጥፋት ዓመታት ሙሉ ሲወራ ስለ ሌላው ጫፍ ማንም አያነሣም። ክራንክሻፍቱስ? እሱም በብሮንዝ ላይ ነው፣ የሚዞረውም ከመካከለኛ ዘንጉ በፍጥነት ነው። ከኤም96 በፊት የነበሩት በአየር የሚቀዘቅዙት የ911 ሞተሮችም መካከለኛ ዘንጋቸውን የያዙት በብሮንዝ ነበር። እንግዳው የታሸገው ባለኳስ ኩሽኔታ ነው እንጂ ብሮንዙ ባለቤት ነው።

የእሳቸው ሁለተኛ መከራከሪያ «ከሞተሩ ዘይት ይሻማል» የሚል ነው። ይህ ከየት ይቀዳል በሚለው ላይ የሚወሰን ነው። አንዳንዱ ስብስብ ዘይቱን ከፊልትሮው መቀመጫ ላይ ያወጣል፤ ሌላው ከሲሊንደር ራስ ካለው የዘይት መንገድ ይወስዳል፤ በነገራችን ላይ በዚህ ዓይነት መንገድ ዘይት የሚመገብ ባለኳስ ኩሽኔታም አለ። እኔ የምመርጠው ከፊልትሮው እንደወጣ የሚቀዳውን ነው፤ የሚደርሰው ዘይት የተጣራ መሆኑ ለብሮንዝ የሞት የሽረት ጉዳይ ነውና።

ጸሐፊው ሊሉ ይችሉ የነበረውን ግን እኔ ልበልላቸው፤ እውነተኛው ድክመት እሱ ስለሆነ። ብሮንዝ ቆሻሻ አይወድም። ባለኳስ ኩሽኔታ ጥቂት የብረት ብናኝ ጨፍልቆ ሊያልፍ ይችላል፤ ብሮንዝ ላይ ግን ብናኙ ለስላሳው ብረት ውስጥ ይቀበርና ዘንጉን እየፋቀ ይኖራል። የፋብሪካው የፊልትሮ ቤት ደግሞ ማለፊያ ቫልቭ አለው፤ ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ወይም ፊልትሮው ሲደፈን ዘይቱ ሳይጣራ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ስለዚህ ብሮንዝ የሚገጥም ሰው የፊልትሮውን ነገር አብሮ ማሰብ አለበት፤ አስቀድሞ የብረት ፍቅፋቂ ባሰራጨ ሞተር ላይም መግጠም የለበትም። ዋጋውም ከሌሎቹ ይበልጣል። መኪናውን በሚቀጥለው ዓመት ለመሸጥ ላሰበ ሰው ድቅሉ ይበቃዋል ብለው ቢከራከሩ ኖሮ እስማማ ነበር።

«6204 የትም አለ»

አለ። የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ የውጪው 47፣ ውፍረቱ 14፤ በባለ አንድ ረድፉ ሞተር ውስጥ ልክክ ይላል። ግን 6204 የሚለው ቁጥር ስለ መጠን ብቻ ነው የሚነግረን። በኳሱና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት ስንት ነው፣ ኳሶቹን አራርቆ የሚይዘው ወንፊት ከቆርቆሮ ነው ወይስ ከፕላስቲክ፣ ማሸጊያው ምን ያህል ሙቀት ይችላል፣ ግሪሱስ ለምን የታሰበ ነው የሚለውን አይነግረንም። ለውኃ ፓምፕ ሞተር የተሠራውም 6204 ነው። ደግሞም ወደ ኩሽኔታው ለመድረስ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ቮላኖ መውረድ አለባቸው፤ ወጪው ያለው እዚያ ነው። ያን ሁሉ ከፍሎ በኩሽኔታው ላይ መቆጠብ ምን የሚሉት ቁጠባ እንደሆነ አልገባኝም።

«ቀስ ብሎ የሚነዳ ድምፅ ይጠብቅ»

ይህ ከሁሉም የሚጎዳው ምክር ነው። ቀስ ብሎና አልፎ አልፎ መንዳት ለዚህ ሞተር ዕረፍት አይደለም። አጭር መንገድ ሄዶ የሚቆም ሞተር በደንብ ሳይግል ይጠፋል፤ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ነዳጅ ሳይተን ይቀራል፤ መኪናው ሳምንታት ሲቆም ኩሽኔታው እዚያ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይከርማል። ብዙ የሚነዳ፣ በደንብ የሚግል፣ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር መኪና ይሻላል። ትንሽ ለሚነዳ ሰው የዘይት መቀየሪያው መለኪያ ኪሎ ሜትር ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች ስድስት ወር ይላሉ።

ድምፅማ ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ አልፏል፤ ጭራሽ ሳይሰማ የሚያልቅም አለ። ድምፅ ከመጠበቅ ፊልትሮውን ማንበብ ይሻላል። ዘይት ሲቀየር የወጣውን የወረቀት ፊልትሮ መጣል አይገባም። ወረቀቱን ከላይና ከታች በስለት ቆርጦ ማውጣት፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈውን በነጭ ጨርቅ ላይ መዘርጋት፣ ዘይቱን ማንጠፍጠፍ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ በእጅ ባትሪ እያበሩ መሄድ። ከወረቀቱ በታች ማግኔት ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚሄድ የሚያብረቀርቅ ፍቅፋቂ ካለ ብረት ነው። ጥቁር የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ የኩሽኔታው ማሸጊያ ሊሆን ይችላል፤ የሰንሰለት መምሪያዎቹም ፕላስቲክ ስለሆኑ ግን ወዲያው መደንገጥ አያስፈልግም። ከዚህ ጋር የካምሻፍቶቹን መዛነፍ በመመርመሪያ ኮምፒውተር ማየት ነው። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር ቁጥሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ከወጣ ወይም ከቆመበት እየዘለለ ካስቸገረ ዘንጉ ወይም ሰንሰለቱ ቦታውን ለቋል ማለት ነው። ፊልትሮው ብረት የሞላው ሞተር አዲስ ኩሽኔታ አይገጠምለትም፤ ወርዶ ይከፈታል። ይህን ለባለቤት መንገር ደስ አይልም፤ ግን ኩሽኔታ ሸጦ ዝም ከማለት ይሻላል።

ጸሐፊው በመጨረሻ ስለ አገጣጠም አንድ አንቀጽ ጨምረዋል። ሦስቱን የሽፋን ቡሎኖች መፍታት፣ አሮጌውን በመንቀያ ማውጣት፣ አዲሱን በመዶሻ እየነኩ ማስገባት ይላሉ። አዲሱ የሚገባው በልዩ መግጠሚያ፣ በውጪው ቀለበት ላይ ብቻ እየተገፋ ነው። በውስጠኛው ቀለበት ላይ የተመታ ኩሽኔታ ኳሶቹ በቀለበቱ ላይ ጉድጓድ ስለሚጥሉ ገና ሳይዞር ተበላሽቷል። ከሁሉም በፊት ግን ሞተሩ በላይኛው የፒስተን ነጥብ ላይ መቆለፍ፣ ካምሻፍቶቹ መታሰር፣ የሰንሰለት መወጠሪያዎቹም መላላት አለባቸው። ሽፋኑ ዘንጉን ይዞት ነበርና፣ ሰንሰለቶቹ እንደተወጠሩ ሽፋኑ ሲነሣ ዘንጉ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፣ ሰንሰለትም ሊዘል ይችላል።

እንዲህ የሆነ አንድ 996 ተጎትቶ መጥቶልኝ ያውቃል። ሌላ ጋራዥ ኩሽኔታውን ቀይሮለት ሲነሣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ተንኳኩቶ ጠፋ። ስከፍተው በአንዱ ወገን ያሉት ቫልቮች ተጣመዋል፤ መካከለኛ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው አዲሱ ኩሽኔታ ግን አንድ ጭረት አልነበረበትም። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ከኪሱ ደረሰኝ አወጣና «ሴራሚክ ነው እኮ» አለኝ።